ለልደቱ በዓል ሱቃችንን በምን እናስጊጠው?

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ገብቶ ሳምንታቱ መግፋት ሲጀምሩ በከተሞቻችን አንድ የተለመደ ትርኢት ይታያል። የሱቆች መስኮት በሚያብለጨልጭ ወረቀት ይሸፈናል፤ የፕላስቲክ ዛፍ ከሣጥኑ ይወጣል፤ በዛፉም ላይ በረዶ እንዲመስል ጥጥ ይነሰነሳል፤ ቀይ ካባ የደረበ ጺማም ሽማግሌ ሥዕሉ በየበሩ ይለጠፋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው የጌታችንንና የመድኃኒታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን የልደት በዓል ለመቀበል ነው ይባላል። በአዲስ አበባ ትልልቅ የንግድ ቤቶች የለመድነው ይህ አሠራር ዛሬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚያመራው አውራ ጎዳና ዳር እስካሉት አነስተኛ ሱቆች ድረስ ዘልቋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እነዚሁ አነስተኛ ሱቆች ናቸው። ለበዓሉ ማጌጣቸው ይገባልን? የሚገባስ ከሆነ በምን?

የጸሐፊው አሳብ ከወዲሁ ይገለጽ። ሱቅ ለልደት ማጌጡ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ጌጡ ግን ባለሱቁ ካለበት ምድር፣ ከጎረቤቱ እጅና ከአውድማው የወጣ ሊሆን ይገባዋል። ይህም ለኪሱ ስለሚሻል ብቻ አይደለም፤ የበዓሉን ነገር በትክክል የሚናገረው እርሱ ስለ ሆነ ነው።

ምሳሌ እንድትሆነን ኮሶዬን እንውሰድ። ኮሶዬ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በወገራ ደጋ፣ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች የመንገድ ዳር መንደር ናት። ከአፋፉ ቆሞ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው ቆላው ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ይታየዋል፤ ስለዚህም መንገደኛ ሁሉ መኪናውን አቁሞ ሳያይ አያልፍም። ስሟን የሰማ የኮሶን ዛፍ ማስታወሱ አይቀርም። በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ ነው። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ በአውድማውም ላይ በሬዎች እየዞሩ ያበራያሉ። ሱቁ ደግሞ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ አንድ ክፍል ነው። ከእንጨት ባንኮኒው በስተኋላ ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የዘይት ጀሪካንና የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ተደርድሯል። እንዲህ ባለ ቤት የፕላስቲክ ዛፍ ይቁም ቢባል ቦታ የሚገኘው አንድ ጆንያ ስኳር ወደ ውጭ ከወጣ ብቻ ነው።

የዚህ መንገድ ነጋዴ የሚኖረው ከአላፊ አግዳሚው ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ወደ ደባርቅ የሚያልፈው ጎብኚ ለመንገድ ዳር መንደሮች የገቢ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ቢመደብም በ2017 ከዚያ መዝገብ ሲወጣ ብዙዎች ተስፋ አድርገው ነበር። ተስፋው አልዘለቀም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ክልሉ በግጭት ውስጥ ነው። በዚህ ላይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። የሚያብለጨልጨው ወረቀትና የፕላስቲኩ ዛፍ የውጭ ዕቃዎች ናቸው። ዓለም ለገና ከሚሰቅለው ጌጥ ትልቁ ድርሻ የሚመረተው ዪዉ በምትባል የቻይና ከተማ ነው። እንግዲህ የኮሶዬው ባለሱቅ ከጨውና ከክብሪት ያገኛትን ጥቂት ትርፍ በዶላር ለሚገዛ ብልጭልጭ ሲያወጣት፣ ለልጆቹ ልብስ ወይም ለበዓሉ ዶሮ የሚሆነውን ነው የሚያወጣው። ያ ብልጭልጭ ደግሞ የወገራን ነፋስ ሁለት ሳምንት አይችልም። ሲበጣጠስ ነፋሱ ወደ ገደሉ ይዞት ይወርዳል፤ ከገደሉ ሥር ያለው ቆለኛ ለከብቱ የሚያሰጋ ቆሻሻ ይቀበላል።

ይሁን እንጂ ነገሩን በገንዘብ ብቻ መዝነን ብንተወው ግማሹን ብቻ እንናገራለን። ድሃ ስለ ሆንህ በገለባ አጊጥ ማለት ለባለሱቁ ስድብ ነው። ገንዘብ ቢተርፈውም እንኳ ገለባው ይሻላል የሚያሰኝ ምክንያት አለ።

ቅዱስ ሉቃስ የጻፈውን የምናውቅ ሁሉ ነገሩን እናስታውሳለን። ማደሪያ ታጣ፤ በረት ተገኘ። አልጋ ታጣ፤ የከብት መብል የሚሰፈርበት ግርግም ተገኘ። የአገራችን ትውፊትም ላምና አህያ በእስትንፋሳቸው እንዳሞቁት ይናገራል፤ ሠዓሊዎቻችን የልደቱን ሥዕል ሲሥሉ እነዚህን ሁለት እንስሳት ከግርግሙ አጠገብ ማቆማቸው ስለዚህ ነው። የሰማይና የምድር ፈጣሪ ሲወለድ በዙሪያው የነበረው ሣር፣ ጭድ፣ የበግ ጠጉርና የእረኛ ዱላ ነበር። እነዚህን ሁሉ ለማየት የኮሶዬ ሰው መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም፤ የቤቱን ጓሮ መዞር ይበቃዋል። ለአውሮጳ ከተሜ ግርግም ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል። እዚህ ግን የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል። ታዲያ የቤተ ልሔምን ዕቃ በእጁ የያዘ ሕዝብ ስለ ቤተ ልሔም ለመናገር ከባሕር ማዶ ፕላስቲክ ማስመጣቱ ምን ይባላል?

ሰብአ ሰገል ወርቅ አምጥተው የለምን? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አምጥተዋል። ነገር ግን ወርቁን፣ ዕጣኑንና ከርቤውን ለሕፃኑ ሰጡት እንጂ የበረቱን ግድግዳ አላስጌጡበትም። ከእነርሱም አስቀድመው የደረሱት ምንም ያልያዙት እረኞች ነበሩ።

ከወዲያኛው ወገን ደግሞ ሌላ ተቃውሞ ይሰማል። አንዳንድ አባቶችና ወንድሞች ለገና የሚደረግ ማስጌጥ ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ ክርስቲያን ሊርቀው ይገባል ይላሉ። የሚያሳስባቸው ነገር የሚናቅ አይደለም። ፈረንጆቹ በዓሉን የሚያከብሩበት ዕለት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ገደማ፣ በጾሙ ወቅት ይውላል፤ በዚያን ዕለት በየሱቁ ዘፈን ሲለቀቅ ጾመኛው ማዘኑ አይቀርም። ነገር ግን ማጌጥን ራሱን እንግዳ ነገር ማድረግ ልክ አይደለም። የበዓል ቀን በየቤታችን ቄጠማ የምንጎዘጉዘው ለምንድን ነው? ለጥምቀት ታቦት የሚያልፍበትን መንገድ የምናሳምረው፣ ድንኳኑን በምንጣፍ የምናስጌጠው ለምንድን ነው? በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው በመላእክት ገጽ ተሞልቶ ሲታይ ማን ነው ጌጥ ከንቱ ነው የሚል? የሰው ልጅ ደስ ሲለው ቤቱን ያሳምራል። ሱቅም ቤት ነው።

እንዲያውም ከራሳቸው ከፈረንጆቹ እንማር ብንል የምናገኘው ሌላ ነገር ነው። በምዕራቡ ዓለም የበረቱን ትርኢት ያስፋፋው የአሲሲው ፍራንቸስኮ እ.ኤ.አ. በ1223 ግሬቾ በምትባል የኢጣልያ መንደር ያቀረበው እውነተኛ ድርቆሽ፣ በሬና አህያ ነበር። በጀርመንና በስካንዲናቪያ አገሮች ዛሬም ድረስ ኮከብን ከገለባ ሠርቶ መስቀል የተከበረ ልማድ ነው። የሊቱዌንያ ሰዎች ከአገዳ የሚሠሩት ተንጠልጣይ ጌጥ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በስዊድን የይቭሌ ከተማ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ለገና ከገለባ ትልቅ ፍየል ያቆማሉ። (ፍየሏን ክፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ አቃጥለውባቸዋል፤ ስለ እሳት ጉዳይ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።) ፕላስቲኩን የተቀበልነው ከእነርሱ ነው ብንልም እነርሱ ገለባቸውን አልጣሉም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ።

የመጀመሪያው ዕቃ የገብስ አገዳ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በበሬ ከተበራየ በኋላ የሚገኘው ጭድ ተሰባብሯልና ለኮከብ አይሆንም። ስለዚህ ክምሩ ወደ አውድማ ሳይወርድ አንድ እቅፍ ያህል ነዶ ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አገዳው በአንጓዎቹ መካከል ይቆረጣል፤ እንዳይሰነጠቅ ለብ ባለ ውኃ ግማሽ ሰዓት ያህል ይነከራል፤ ከዚያም አራቱ ተመሳቅለው በመካከላቸው በቀይ ክር ጥብቅ ተደርገው ሲታሰሩ ስምንት ጨረር ያለው ኮከብ ይወጣል። ሲደርቅ ቀለሙ ወርቅ ይመስላል። ሃያ ያህል ኮከብ በሲባጎ ተሰክቶ ከመዝጊያው ጉበን ላይ ቢዘረጋ ከማንኛውም ብልጭልጭ ወረቀት ይበልጣል። ዛላው ሳይወልቅ የቀረው ነዶ ደግሞ በመቀነት ታስሮ በባንኮኒው ጫፍ ይቁም። የወገራ ገበሬ ገብሱን እንደ ጌጥ ሲያየው መጀመሪያ መሳቁ አይቀርም፤ ይሳቅ።

ሁለተኛው ስፌት ነው። በዚህ አገር ስንደዶና አክርማ ለቅማ፣ በቀለም ነክራ አለላ አድርጋ የማትሰፋ እናት ጥቂት ናት። ሰፌዱ፣ ሙዳዩ፣ የመሶቡ ወስከንባይ በየቤቱ አለ፤ ነገር ግን እንግዳ ካልመጣ ከጓዳ አይወጣም። ይህ ጸሐፊ የሚያውቃቸው አንዲት ባለሱቅ እናት ባለፉት ዓመታት ለልደት ሦስት ሰፌዶቻቸውን ከመደርደሪያው በላይ ሰቀሏቸው። አንድ መንገደኛ ገብቶ ሳሙናውን ትቶ የሰፌዱን ዋጋ ጠየቀ። «ዲያቆን፣ ልደቱ ሳይደርስ ጌጤን ሸጥሁት፤ አሁን ግድግዳዬ ባዶ ነው» ብለው እየሳቁ ነገሩኝ። ለጎረቤታቸውም ሌላ ሰፌድ እንድትሰፋላቸው አዘዙ። የፕላስቲክ ዛፍ ለባለቤቱ እንዲህ ያለ ውለታ አይውልም።

ሦስተኛው የበግ ጠጉር ነው። በሰሜን ተራሮች መንገድ ልጆች ከበግ ጠጉር የተሠሩ ኮፍያዎችን ይዘው ለጎብኚ ሲሸጡ ይታያሉ። ያው ጠጉር በትንሽ የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ተጠቅልሎ አራት እግር ሲተከልለት በግ ይሆናል። ሥራው ለልጆች የተመቸ ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት በአንድ ከሰዓት በኋላ መንጋ ያደርሳሉ። ከመንጋው አጠገብ የገና መጫወቻው ቆልማማ ዱላና ሩሩ ይሰቀል። እረኞቹ በልደቱ ሌሊት ደስ ብሏቸው በዱላቸው እንደ ተጫወቱ አባቶቻችን ነግረውናል፤ የጨዋታውም ስም የበዓሉ ስም ሆኖ ቀርቷል። ለአንድ ሱቅ ደጃፍ ከዚህ የሚበልጥ ምልክት ከየት ይመጣል? ዱላው ደግሞ በበዓሉ ማግሥት ለልጁ ይፈለጋልና ሚስማሩ ጠበቅ ያለ አይሁን።

አራተኛው ሸክላ ሲሆን እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። ከጎንደር ወጥቶ ወደ ኮሶዬ የሚጓዝ ሰው ገና ከከተማው እንደ ተለየ ወለቃን ያገኛል። ወለቃ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች። አንበሳውንና ሌሎችንም ትንንሽ ምስሎች ከጭቃ እየቀረጹ በመንገድ ዳር ይሸጡ ነበር። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985፣ ኋላም በ1991 በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ሙያው ግን በቀሩት ጎረቤቶች እጅ ቀጥሏል። ሸክላ ሠሪን፣ ቀጥቃጭንና ሸማኔን ቡዳ ናቸው እያልን የኖርንበት ዘመን ረጅም ነው። እጃቸው በሠራው ምጣድ እየጋገርን፣ በጀበናቸው እያፈላን፣ ሰዎቹን ግን ከማዕዳችን አራቅናቸው። ይህ በክርስቲያን ቤት ሊሆን የማይገባው ነበር፤ አዳምን ከጭቃ ያበጀው ማን እንደ ሆነ እያወቅን አደረግነው። እንግዲህ የኮሶዬው ባለሱቅ ለልደት ላምና አህያ ሊያቆም ሲያስብ ከወለቃ ይግዛ። ለሠሪዋም ሙሉ ዋጋዋን ይክፈል፤ በዓል ነውና ይቀነስ ብሎ አይከራከር።

በመደርደሪያው ጠርዝ ላይ የሚለጠፈው ወረቀትም አይረሳ። በብራና መጻሕፍታችን ገጽ ራስጌ ላይ የሚሳለውን ሐረግ ያየ ሁሉ ከዚያ የተሻለ የጠርዝ ጌጥ እንደሌለ ይመሰክራል። የቆሎ ትምህርት ቤት ተማሪ በጥላሸት ቀለምና በቀይ ቀለም በተራ ወረቀት ላይ ሊሥለው ይችላል። ባለሱቁ የድካሙን ቢሰጠው፣ በዚያው በሱቁ ጥቂት ስኳርና ሳሙና ቢያስይዘው፣ የተማሪው በዓል ደህና ይሆናል።

ብርሃኑስ? ከልደት በፊት ያሉት ሦስቱ ሰንበታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይባላሉ። ታኅሣሥ 7 ቀን የሚጀምረው የስብከት ሳምንት ነው፤ ከ14 ጀምሮ ብርሃን፣ ከ21 ጀምሮ ኖላዊ ይከተላል። ሱቅን በአንድ ቀን ከማጨናነቅ ይልቅ ይህን ሥርዓት ተከትሎ ጌጡን ቀስ በቀስ ማውጣት ያምራል። በስብከት ሳምንት የገብሱ ነዶ ብቻ ይቁም፤ በብርሃን ሳምንት መብራቱ ይታከል፤ በኖላዊ፣ ማለት በእረኛው ሳምንት፣ በጎቹና ዱላው ይውጡ፤ ኮከቡና ግርግሙ ለገሃድ ዋዜማ ይቆዩ። ዕቃ ሊገዛ የመጣ ልጅ ይህ ምንድን ነው? ያ ለምን ዛሬ ተጨመረ? ብሎ ይጠይቃል። ባለሱቁም ሳሙናውን እየጠቀለለ ይመልስለታል። ልደቱም ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ቀን፣ ሲደርስ የሚደንቅ ነገር ተርፎ ይገኛል፤ ከወር በፊት የተሰቀለ ብልጭልጭ ግን በበዓሉ ዕለት ዓይን አይስብም።

መብራቱ ከባዶ የድልህ ቆርቆሮ ይሠራል። ቆርቆሮው እንዳይጨማደድ እርጥብ አፈር ይጠቀጠቅበትና በሚስማርና በመዶሻ ዙሪያውን በመስቀል ወይም በኮከብ ቅርጽ ይበሳል፤ አፈሩ ተራግፎ ሲታጠብ ከውስጡ የሰም ጧፍ ይቆማል። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ወጥቶ በጭቃው ግድግዳ ላይ ኮከብ ይበትናል። ይህን በጨለማ ያየ የኤሌክትሪኩን ብልጭ ድርግም አይመኝም። ነገር ግን ወዳጆቼ፣ ሱቅ ውስጥ ጋዝ አለ፣ ክብሪት አለ፣ ዘይት አለ፤ አሁን ደግሞ ደረቅ ገለባ ጨመርንበት። ስለዚህ ጧፍ ከቆርቆሮው ውጪ አይበራ፤ ከኮከቡም ሥር አይቀመጥ። ቆርቆሮው በድንጋይ ወይም በሸክላ ገል ላይ ይቀመጥ እንጂ በእንጨት ላይ አይሁን፤ ባለሱቁም ለአንድ አፍታ እንኳ ሲወጣ ያጥፋው። የስዊድኖችን ፍየል ያነሣነው በከንቱ አይደለም።

ስለ ዛፉ ለብቻው መናገር ይገባል። ዛፍ ቆርጦ ቤት ማስገባት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጀርመን ምድር የታወቀ፣ በ19ኛውም በእንግሊዝ የተስፋፋ ልማድ ነው፤ ሃይማኖት ያዘዘው አይደለም፤ የከለከለውም አይደለም። በእኛ አገር የሚያሳዝነው ግን ለዚህ ሲባል የሚቆረጠው ጽድ መሆኑ ነው። ጽድ ቶሎ አያድግም። በደጋችን የተረፈው የአገር በቀል ዛፍ በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ያለው ነው፤ ይህንንም ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት ለዓለም አሳውቀዋል። ጽዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውን ሲጠብቁ የኖሩት ደጀ ሰላም የሚጠኑ መነኮሳትና ካህናት ናቸው። ከእነርሱ አጥር ሥር ለጋውን ጽድ ቆርጦ ለሁለት ሳምንት በሱቅ አቁሞ መጣል በምንም በዓል ስም ሊደረግ አይገባም። ዛፍ የግድ ካስፈለገ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አለ። ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ሽታው ሱቁን ያውዳል፤ ፍሬውም በክር ሲሰካ የአንገት ሐብል የመሰለ ጌጥ ይወጣዋል። ከዚያም የሚሻለው የጽድ ችግኝ በባዶ የዘይት ጣሳ ተክሎ በሕይወት ማቆም ነው። ጥጡ ግን ይቅር። በረዶ ማየት የወደደ ሰው ከ4500 ሜትር በላይ ወደሚረዝመው ራስ ዳሸን ይውጣ፤ አልፎ አልፎ እውነተኛውን ያገኛል። የኮሶዬ ሰው ደግሞ ማለዳ ሣሩን ቢመለከት የታኅሣሥ ውርጭ ይበቃዋል።

ስለ ቀይ ካባው ሽማግሌም አንድ ቃል። መነሻው የሜራው ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው፤ በ4ኛው መቶ ዘመን የነበረ፣ ለድሆች በስውር በመመጽወት የታወቀ አባት። ባለሱቅ እርሱን ማክበር ከፈለገ ሥዕሉን በር ላይ መለጠፍ አያስፈልገውም፤ በበዓሉ ዋዜማ ዱቤ ካለባቸው አንዲት ችግረኛ እናት ስም ላይ ማንም ሳያይ መሥመር ይሳብበት።

ከጌጡ መካከል መግባት የሌለበት ነገር ደግሞ አለ። የእመቤታችንን ወይም የጌታችንን ቅዱስ ሥዕል ከቢራ ሣጥንና ከአረቄ ጠርሙስ መካከል ለጌጥነት መስቀል አይገባም። ብዙ ባለሱቆች ይህን የሚያደርጉት በፍቅር እንደ ሆነ ይታወቃል። ነገር ግን ቅዱስ ሥዕል የሚሰገድለት፣ ጧፍ የሚበራለት ነው እንጂ የዕቃ ማሻሻጫ አይደለም። ከተሰቀለም ከመደርደሪያው ተለይቶ፣ ንጹሕ መጋረጃ ተደርጎለት፣ በምሥራቅ በኩል ይሁን። የገለባ ኮከብና የሸክላ ላም መልካምነታቸው በዚህም በኩል ነው፤ ልደቱን ያስታውሳሉ፤ ሸቀጥ ቢከባቸውም አይዋረዱም።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ይህ አገር ሐዘን ያለበት አገር ነው። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ማብቂያ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ከዚያም ወዲህ በየመንደሩ ልጁን ወይም ወንድሙን የቀበረ፣ ከል ለብሶ በዓል የሚውል ቤተሰብ አለ። እንዲህ ባለ ሠፈር በሱቅ በር ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ ከማለዳ እስከ ማታ ማስጮህ፣ መብራት ማንቦግቦግ፣ ለጎረቤት ግድ አለመኖር ነው። ልደትን አናክብር ማለት ግን አይደለም። ሐዘንተኛውም ልደቱ ያስፈልገዋል፤ ከማንም በላይ። የሚያስፈልገው የማይጮህ በዓል ነው። ጨው ለመግዛት የመጣች እናት ከጉበኑ ላይ የተንጠለጠለውን የአገዳ ኮከብ ቀና ብላ አይታ ዝም ብላ ልትወጣ ትችላለች። ማንም ደስ ይበልሽ ብሎ አላስገደዳትም። ባለሱቁ በዚያች ጊዜ ከጨዋ ጋር አንድ ጧፍ ጠቅልሎ ቢሰጣት፣ ለልጅሽ መታሰቢያ አብሪለት ቢላት፣ ሱቁ ለልደት ያጌጠው ያን ጊዜ ነው።

ጌጡ እስከ ጥምቀት፣ እስከ ጥር 11 ቀን ቢቆይ መልካም ነው። ከዚያ በኋላ ኮከቡም ነዶውም ክሩ ተፈትቶ ለላሟ ይሰጣል፤ ከጧፉ የተረፈው ሰም ተሰብስቦ ይቀልጣል፤ ሰፌዱ ካልተሸጠ ወደ ጓዳው ይመለሳል፤ የወለቃዋ ላምና አህያ በጭድ ተጠቅልለው በባዶ ካርቶን ለከርሞ ይቀመጣሉ። የጽዱ ችግኝ ግን እስከ ሐምሌ ዝናም ድረስ በዘይት ጣሳው ውስጥ ሆኖ ከባንኮኒው አጠገብ ይቆያል፤ በየሦስት ቀኑ አንድ ኩባያ ውኃ ይበቃዋል።